ኮርቻው ሲገለበጥ

የሃርድ ዲስክ አምራቾች ከዕቃው ጋር በሚያወጡት መግለጫ መጨረሻ አካባቢ፣ ማንም በማያነበው ደቃቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር ያሰፍራሉ፤ 3,048 ሜትር። አብዛኞቹ ዲስኮች እየሠሩ እንዲወጡ የሚፈቀድላቸው የመጨረሻ ከፍታ ይህ ነው። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጫፍ የሚሽከረከረውን ሳህን አይነካውም። ሳህኑ ራሱ በሚያስነሳው አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ዓይን በማያየው ክፍተት ያንዣብባል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ይወርዳል፤ ከወረደም ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። የባሌዋ ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከፍ ብላ ከ2,700 ታልፋለች። ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ግን ተራራውን መውጣት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ያን ቁጥር ያልፈዋል። ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377።

ዛሬ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው መሣሪያዎቹን የሚያኖረው እዚሁ ዲስክ ላይ ነው። ፒያኖው፣ ቫዮሊኖቹ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ፣ ከበሮው፣ አንዳንዴም ክራሩና ዋሽንቱ ተቀድተው በጊጋባይት የሚቆጠሩ ፋይሎች ሆነዋል። ቀይ ቀበሮው በሚሮጥበት ሜዳ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ መሥራት ያማረው አቀናባሪ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ኤስኤስዲ ይያዝ፤ ለዚያ የከፍታ ጉዳይ ብዙም አያሳስበውም። ቁጥሩን ያነሳሁት ግን ለሌላ ነው። ያን መስመር የጻፈው መሐንዲስ ዕቃው ከፋብሪካው ወጥቶ የት ሊሄድ እንደሚችል አስቧል። ስለ ሙዚቃ ሶፍትዌር ሲወራ ይህ ዓይነቱ አሳቢነት የሚነሳው ስንት ጊዜ ነው?

ወሬው ሁልጊዜ ስለ ድምፁ ነው። የትኛው ፒያኖ ያምራል፣ የትኛው ባስ ይከብዳል፣ ማን ምን ተጠቀመ። መሣሪያዎቹን በአንድ ቤት አስቀምጦ፣ አንዱን ከሌላው አጣምሮ፣ ሁሉንም በአንድ ሰዓት የሚያስኬደው ፕሮግራም ግን እንደ ጠረጴዛ ይቆጠራል፤ ካለ አለ ነው። ኪዩቤዝ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ሎጂክ፣ ሪፐር፤ በስቱዲዮ ሰዎች አነጋገር ዳው። ምርጫውም በጓደኛ ምክር ወይም በመልኩ ይሆናል። ባሌ የፈረስ አገር ነውና ምሳሌ ከዚያው ልዋስ። ኮርቻ የሚያውቅ ሰው በጌጡና በዛጎሉ አይገዛም፤ ገልብጦ ከታች ያለውን ስፌት በእጁ ይዳስሳል፣ ምክንያቱም የፈረሱን ጀርባ የሚያገኘው እሱ ነው። እኔም ዳው የምመርጠው ገልብጬ ነው።

ከታች ያለው ስፌት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሽታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪኤስቲ የሚባል መግባቢያ አወጣ፤ በ1999 ሁለተኛው እትም ሲመጣ ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችም በዚሁ በር መግባት ቻሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ኩባንያ የሠራው ፒያኖ፣ ሌላው የሠራው ከበሮና አንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜው የጻፈው ሲንተሳይዘር፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ሥራ ሆነው ሳለ፣ በሦስተኛ ወገን ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አስተናጋጁ ፕሮግራም የእንግዶቹን ውስጥ አያይም። የሚያውቀው የተስማሙበትን ውል ብቻ ነው፤ ይህን ቁልፍ ተጫን ሲባል፣ ይህን ያህል ድምፅ ስጠኝ።

ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ በተለምዶ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሆኖ ይቆጠራል። ሳውንድ ካርዱ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አይጠይቅም፤ በእሽግ ነው የሚወስደው። እሽጉ 256 ናሙና ከሆነ በየ5.8 ሚሊ ሰከንዱ አንድ እሽግ ማድረስ ግድ ነው፤ በሰከንድ 172 ጊዜ ያህል ማለት ነው። በእያንዳንዷ ዙር አስተናጋጁ ፕለጊን የሚባሉትን እንግዶቹን በተራ ይዞራል። መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ መሣሪያው ድምፁን የሚልክለትን ኢኮ፣ ከዚያ ሁሉም የሚገናኙበትን ዋና ቻናል። ማን ከማን በፊት መጠየቅ እንዳለበት ራሱ አስልቶ ያውቃል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት አንጎለ ኮምፒውተሮችም ሥራውን እንዲካፈሉት ያደላድላል። ከሃያ ፕለጊን አንዱ እንኳ ቢዘገይ እሽጉ ሳይሞላ ሰዓቱ ይደርሳል፤ ጆሮ ላይ የሚመጣው ያ የታወቀው ፍንጥር ፍንጥር የሚል ጩኸት ነው። ስለዚህ ሥራው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዷ ዙር ሳያዛንፉ በሰዓት መድረስ ነው። ጥሩ አስተናጋጅ በአማካይ ፈጣን ከሆነው ይልቅ አንድም ጊዜ የማይቀረው ነው።

5.8 ሚሊ ሰከንድ ስንት እንደሆነ በእግር ለሚለካ ሰው፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በዚያ ጊዜ ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከድምፅ ማጉያው ሁለት ሜትር ርቆ እንደ መቆም ነው፤ ማንም አይከፋም። እሽጉን ወደ 2,048 ሲያሳድጉት ግን ርቀቱ 16 ሜትር ይጠጋል፤ ጣትና ጆሮ መለያየት ይጀምራሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው በዚህ መካከል ነው የሚኖረው። እሽጉን ሲያሳንሰው ፍንጥርጥሩ ይመጣል፤ ሲያሳድገው ጣቱ ይከብደዋል።

ከዚህም የሚረቅ ሥራ አለ። አንዳንድ ፕለጊን ከመጮኹ በፊት ወደፊት ማየት ይፈልጋል። ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቀው ሊሚተር ለምሳሌ የሚመጣውን ቀድሞ ለማወቅ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። ይህን በከበሮው መስመር ላይ ብቻ ብናስቀምጥ ከበሮው ከማሲንቆው ኋላ ይቀራል። አስተናጋጁ ግን ፕለጊኑን ስንት ናሙና እንደሚያዘገይ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ይዞም የቀሩትን መስመሮች ሁሉ በዚያው ልክ ወደኋላ ያቆያቸዋል። ውጤቱ ምንም ነው፤ ከበሮውና ማሲንቆው እንደነበሩ አብረው ይወድቃሉ። ተጠቃሚው አንድ ነገር መደረጉን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ሥራ ምስጋና ያቀረበ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አሁን አንዱን መርጬ ልገልብጠው። ሪፐርን የጻፈው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ያደግን ሁሉ ዘፈን የሰማንበትን ዊንአምፕን እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው ያው ሰው። ዊንአምፕን ሸጦ ከገዢው ድርጅት ከወጣ በኋላ ኮኮስ በሚባለው ትንሽ ኩባንያው ውስጥ ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ሪፐርን መጻፍ ያዘ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2006 ወጣ። ለዊንዶውስ የሚወርደው ፋይል ዛሬም ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ተፎካካሪዎቹ በመቶዎች ሜጋባይትና በጊጋባይት ይመዘናሉ። ለሮቤ ሰው ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሞባይል ዳታ ጉዳይም ነው። ሲጫንም በፍላሽ ላይ ልጫን ካሉት እሺ ይላል። ፕሮግራሙ፣ ቅንብሩ፣ የለመዱት አቋራጭ ቁልፍ ሁሉ በኪስ ገብቶ የሰው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የፈቃዱ ቁልፍም ተራ ፋይል ነው፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዶንግል የለውም፣ በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ባለቤቴ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት ሥራ አይቆምም። ብዙ የታወቁ የድምፅ ስብስቦች ግን በኢንተርኔት መጽደቅ ስለሚፈልጉ፣ አስተናጋጁ ነፃ ሆኖ እንግዳው በር ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሪፐር ሊፈታው አይችልም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ የፕሮጀክት ፋይሉ ነው። በሪፐር የተቀመጠ ዘፈን ተራ ጽሑፍ ነው። በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ፍጥነቱ ይህ ነው፣ ይህ መስመር ስሙ ማሲንቆ ነው፣ ድምፁ በዚህ ልክ ነው፣ የተቀዳው ፋይል እዚህ ቦታ ይገኛል ይላል፤ የየፕለጊኑ ውስጣዊ ሁኔታም በፊደልና በቁጥር ተመስጥሮ በየቦታው ተቀምጧል። የዚህ ጥቅም የሚታወቀው ችግር ሲመጣ ነው። አንድ ዘፈን አልከፍት ቢል፣ ያስቸገረውን ፕለጊን ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። የፋይሎቹ ማኅደር ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ቢዛወር፣ አድራሻውን በአንድ ፈልግና ተካ ማስተካከል ይቻላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ኮኮስ የሚባል ኩባንያ ባይኖር እንኳ ዘፈኑ በየትኛው ኖታ እንደተሠራ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ሥራውን ለደንበኛው በማይከፈት ሳጥን ከሚሰጥ ባለሙያና ስፌቱን ግልጽ አድርጎ ከሚሰጥ ባለሙያ ሁለተኛውን አምነዋለሁ።

ሌላም አለ። የጎባ ሰው የጀመረውን ፕሮጀክት የሮቤ ጓደኛው ሲከፍተው ያ ፕለጊን እሱ ጋ የለም እንበል። ሪፐር ይህ ጠፍቷል ብሎ ያሳውቅና ቦታውን ባዶ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ግን የጠፋውን ፕለጊን ቅንብር አይጥለውም። ጓደኛው ድምፃዊውን ቀድቶ፣ አስቀምጦ፣ ፋይሉን ሲመልስለት ጎባ ላይ ሁሉም እንደነበረ ይነሳል። የሌለን እንግዳ ወንበር ሳይነኩ ማቆየት፤ ይህን ያሰበ ሰው ከሰው ጋር መሥራት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

እንግዳው ቢወድቅስ? ተራ በሆነው አሠራር ፕለጊኖች ሁሉ በአስተናጋጁ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሲወድቅ ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ሪፐር ፕለጊኑን ከራሱ ውጭ በተለየ ክፍል የማስኬድ ምርጫ ይሰጣል። በዚያ ክፍል ያለው ቢሞት ዘፈኑ አይሞትም። ዋጋ አለው፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ ተጨማሪ ይደክማል፤ ስለዚህ ለሁሉ ሳይሆን ለታወቀው ረባሽ ብቻ ነው የምመክረው። ደካማ ላፕቶፕ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። አሁን በእጅ የማይጫወቱትን መስመሮች ሰዓታቸው እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ክፍልፋይ ሰከንድ ቀደም ብሎ አስልቶ ያስቀምጣቸዋል። የተቀዳው ባስ ቀጥሎ ምን እንደሚጫወት አስቀድሞ የታወቀ ነውና ለምን በመጨረሻዋ ሚሊ ሰከንድ ይሰላል? በቀጥታ የሚጫወቱት ኪቦርድ ብቻ በአጭሩ እሽግ ይሮጣል። በዚህ ምክንያት ነው ሌላ ቤት የሚንተፋተፍ ላፕቶፕ እዚህ ሲረጋጋ የሚታየው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ዴስክቶፕ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሪፐር በየደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ያስቀመጠውንም ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ በተለየ ፋይል ያደርገዋል። ወደኋላ መመለሻውን ታሪክ ሳይቀር ከፕሮጀክቱ ጋር እንዲያኖር ማዘዝ ስለሚቻል፣ በማግስቱ ከፍቶ የትናንቱን ስህተት መቀልበስ ይቻላል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮን ብዙ ወጣት የሚወድበት ምክንያት ይገባኛል፤ ምት ለመደርደር ከሱ የሚፈጥን ነገር አላውቅም፣ ፓቸር በሚባለው ሰሌዳው ላይም መሣሪያዎችን በገመድ እያገናኙ አንድ አዲስ መሣሪያ መሥራት ደስ ይላል፣ አንዴ የገዛውም ሰው የወደፊት እትሞችን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። የሙከራ እትሙ ግን ያስቀመጡትን ፕሮጀክት መልሶ አይከፍትም። ሪፐር 60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሲከፈት ጥቂት ሰከንድ እያስጠበቀ አልከፈልክም ይላል እንጂ በሩን አይዘጋም። የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ የሌለው ሰው ይህን 60 ዶላር እንዴት እንደሚልክ ራሱ ፈተና መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዲህ የሚያምን ሻጭ የተሰነጠቀ ፕሮግራም ከመፈለግ ያድናል።

ስለ መልኩ ካነሳሁ፣ ሪፐር አያምርም። ግራጫ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ትእዛዞች በሺዎች ይቆጠራሉ። አዲስ ሰው ሲከፍተው ባዶ መጋዘን የገባ ይመስለዋል። አንድም ሲንተሳይዘር የሚባል ለጆሮ የሚጥም አብሮት አይመጣም። ቢሆንም የውሸት እንጨትና የውሸት ብሎን ከተሳለበት ፕሮግራም ይሻለኛል።

ወደ ቅኝት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የማንኛውም አስተናጋጅ ስፌት ለእኛ የሚፈተነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ፣ ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ሥርዓት፣ የድምፅ ከፍታን አይልክም። የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ ከ0 እስከ 127። 60ኛው ቁልፍ ተጫነ ይላል። ያ ቁልፍ ምን ያህል ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ይጩህ የሚለውን የሚወስነው መሣሪያው ነው፤ ሌላ ካልተነገረውም ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ቆርጦ፣ በእያንዳንዱ መካከል 100 ሴንት አድርጎ ይመልሳል። ክራር ተጫዋች ጅማቱን ሲቃኝ ግን እኩል ክፍል አይቆጥርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በፒያኖ ቁልፍ ላይ ሲቀመጡ ቅርጻቸው ይታወቃል፤ አንቺ ሆዬ በተለይ ከነዚያ ጠባብ ርቀቶቹ ጋር በፒያኖው ሲጮህ አፉን የያዘ ይመስላል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የሠራው ካሴት፣ በ2013 ዳግም ታትሞ ዓለም የሰማው፣ ያን ጥበት በጣት ብልሃት ያለፈ ሥራ ነው። በጌጠኛ ኖታዎቹና በመንሸራተቱ ጆሮን አሳምኖ ያልፋል። ሙዚቀኛው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ነጸብራቅ የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ ደግሞ የአገር ባህል ድምፆች ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ለብዙ ወጣት አሳየ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቻላል ወይ መሆኑ ቀርቶ ስፌቱ ምን ያህል ይጠራል ሆነ።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሲንተሳይዘሩን መቃኘት ነው። ስካላ የሚባለው፣ ሆላንዳዊው ማኑኤል ኦፕ ደ ኩል የሠራው ፕሮግራም ያስለመደው የቅኝት ፋይል አለ፤ እሱም ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ከመነሻው ስንት ሴንት ይርቃል፣ የሚከተለውስ ከመነሻው ስንት፣ እየተባለ በመስመር በመስመር ይጻፋል። የአንድን ክራር ጅማቶች በስልክ ላይ ባለ መቃኛ ለክቶ እነዚህን ቁጥሮች መጻፍ የአንድ ሻይ ጊዜ ሥራ ነው። ፋይሉን ሰርጅ ኤክስቲ ያነበዋል፤ በነፃ የሚገኝ፣ ምንጭ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ የተለቀቀ ግሩም ሲንተሳይዘር ነው። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 12ኛው እትሙ ቅኝትን የፕሮጀክቱ አካል አድርጎታል፤ አንዴ ፋይሉን ከሰጡት የገዛ መሣሪያዎቹ ይታዘዛሉ። በዚህ ረገድ ላይቭ ከሪፐር ይቀድማል፤ ሳላሳንስ እናገራለሁ። ሪፐር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የሚገኘው ኦድሳውንድ ባወጣው ኤምቲኤስ ኢኤስፒ ነው። አንድ ፕለጊን በፕሮጀክቱ ውስጥ ዋና ቃኚ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ከሱ ይሰማሉ። ቋንቋውን የማያውቁት በፒያኖው ቅኝት ይቀራሉ። እዚህ ላይ ፕሮጀክቱ ሁለት ጆሮ ይኖረዋል፤ አቀናባሪው የትኛው መሣሪያ የትኛውን እንደሚሰማ ካልጻፈ፣ ሚክስ ላይ የማይታወቅ ጎምዛዛነት ይገጥመዋል።

ሁለተኛውን መንገድ ነው እኔ የምወደው። ክራሩን ጅማት በጅማት፣ በለስላሳና በጠንካራ ምት ቀድቶ የራስን መሣሪያ መሥራት። ኤስኤፍዚ የሚባለው አሠራር እንደገና ተራ ጽሑፍ ነው፤ ይህ ቅጂ ከዚህ ቁልፍ እስከዚህ ቁልፍ ይጩህ፣ በዚህ ኃይል ሲመታ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያፈራረቅህ፣ ብሎ መጻፍ ነው። ፕሎግ የሚባለው ኩባንያ በነፃ የሚሰጠው ስፎርዛንዶ ያነበዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ድምፁ ከቁልፉ ጋር ከፍና ዝቅ እንዳይል የሚያዘው። ይህን ሲጽፉለት ስፎርዛንዶ ቅጂውን አይነካውም፤ ተጫዋቹ ያን ቀን በጆሮው እንደቃኘው፣ ከነጉድለቱ፣ በዚያ ቁልፍ ላይ ይጮኻል። ማንም ቁጥር አላሰላም። በስድስት ቁልፍ ላይ ስድስት ጅማት ተቀምጧል፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ክራር በሚመታበት አስተሳሰብ እንዲመታ ይገደዳል። የኦክታቩ 12 ድምፅ ሁሉ የለውም ብሎ የሚያማርር ይኖራል። ክራሩም የለውም።

በባሌ ቅጂ ለሚሠራ ሰው ከቅኝት ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጥያቄ ነው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን ውዳሴያቸውን አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ሲያዜሙ፣ ወይም የፈረስ ጉግስ ላይ ሰው ሲፎክር፣ ፍጥነቱ እንደ እግሩና እንደ ስሜቱ ይሄዳል፤ ሲሞቅ ይፈጥናል። በስቱዲዮ የተለመደው ስህተት ይህን ቆራርጦ ከኮምፒውተሩ ፍርግርግ ጋር ማሰር ነው። በሪፐር ውስጥ ተቃራኒውን ማድረግ ይቻላል፤ ፍርግርጉን ወደ ዘፋኙ ማምጣት። ጭብጨባው በወደቀበት ቦታ ሁሉ ምልክት እየተደረገ የፕሮጀክቱ ፍጥነት በየምልክቱ ይለወጣል፤ ሲንተሳይዘሩና ኢኮው ዘፋኙን ተከትለው ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ። አድካሚ ነው፤ አንድ ዘፈን ግማሽ ቀን ይበላል። ግን ከበሮ ማሽን ጭብጨባን ተከትሎ ሲራመድ መስማት ግማሽ ቀን ያወጣል። ከእምነት ቦታ የተወሰደ ድምፅ ላይ ዳንስ መጫን ይገባል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚመልሰው ሶፍትዌር ሳይሆን የዘመሩት ሰዎች ናቸው፣ አስቀድሞም መጠየቅ አለባቸው።

እስካሁን ያልኩት ለስቱዲዮ ነው። ጎባ ላይ ቅዳሜ ሠርግ ያለበት ኪቦርድ ተጫዋች ሌላ ኮርቻ ያስፈልገዋል። እሱ የሚቀዳ ነገር የለውም፤ የሚፈልገው ከአንዱ ዘፈን ድምፅ ወደ ሌላው በአንድ እግር መርገጫ ማለፍ ነው። ለዚህ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካንታቢሌ፣ ጊግ ፐርፎርመር፣ ማክ ላለው ደግሞ በ30 ዶላር ገደማ የሚገኘው የአፕል ሜይን ስቴጅ። ካንታቢሌ የምሽቱን ዘፈኖች ዝርዝር አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጭናል፤ ሲቀያየር የሚጠበቅ ነገር የለም። ማኅደረ ትውስታው አነስተኛ ለሆነ ላፕቶፕ ጊግ ፐርፎርመር ሌላ ዘዴ አለው፤ አሁን ያለውን ዘፈንና ጎረቤቶቹን ብቻ ጭኖ፣ ተጫዋቹ ወደፊት ሲራመድ ከፊቱ እየጫነ ከኋላው እያራገፈ ይሄዳል። ሙሽሮቹ ቅደም ተከተሉን ትተው ሌላ ዘፈን ቢያዝዙ ግን ጥቂት መጠበቅ ይመጣል፤ የኛን ሠርግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ እጅግ የማደንቀው ሥራ ግን በመቀያየሯ ቅጽበት ያለው ነው። ተጫዋቹ የግራ እጁ ጣቶች በቀድሞው ዘፈን የገመድ መሣሪያዎች ላይ እንደተጫኑ ናቸው፤ ቀኝ እግሩ መርገጫውን ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ የአዲሱን ዘፈን መግቢያ ይጀምራል። ያላሰበበት ፕሮግራም አሮጌውን ድምፅ በቢላ ይቆርጠዋል፤ ወይም ከዚህ የከፋ፣ ጣቱ ሲነሳ የተነሳ የሚለውን መልእክት ለአዲሱ መሣሪያ ይልክና አሮጌው ኖታ ማቆሚያ አጥቶ ይጮኻል። ጊግ ፐርፎርመርና ሜይን ስቴጅ ሁለቱንም ስብስቦች ጎን ለጎን በሕይወት ያቆያሉ። አሮጌው ጣት እስኪነሳ ድረስ የአሮጌው ነው፤ አዲስ የተጫነው ሁሉ የአዲሱ ነው። የኢኮው ጅራትም ራሱ ቀንሶ እስኪያልቅ ይተዋል። ለዚህች ግማሽ ሰከንድ ሲባል ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን ጣት ባለቤት መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው ግን ዘፈን ወደ ዘፈን መግባቱን ብቻ ነው። ሪፐር ይህን በቀጥታ አይሰጥም። በስክሪፕት ገጣጥሞ ማምጣት ይቻላል፣ ያደረጉትም አሉ፤ እኔ ግን ሰው ሊያጋባ የሚሄድ ኪቦርድ ተጫዋች በስክሪፕት የተገጣጠመ ነገር ይዞ ከቤት እንዲወጣ አልመክርም።